ነገ በዚሁ ሰዓት

ይሄን ታሪክ ሰው አልነገረኝም። የትም አላነበብኩትም። በእነዚህ ሁለት ዓይኖቼ ያየሁት ነው።

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ሰው ለማሳመን የሚሆን ጉልበት የለኝም።

ሰዓቱ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት። ቦታው ከዳርዊን በስተምሥራቅ፣ አስፋልቱ አልቆ ቀዩ አቧራ ከጀመረ በኋላ ያለ ወንዝ ዳር። ጊዜው ደግሞ የኮሮና ክልከላ ተነስቶ፣ የክልሎቹ ድንበር ተከፍቶ፣ ሰው ሁሉ ከቤቱ ግር ብሎ የወጣበት የበጋ ወር።

ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም ነበር። ይሄን ልብ በሉልኝ።

ያየሁትን ሁሉ በብርሃን ነው ያየሁት...

ስሜ ኮራሊ ነው። ተወልጄ ያደግሁት እዚያው ሰሜን፣ ዳርዊን ነው፤ ወደ ደቡብ፣ ሜልበርን ያወረደኝ ትዳር ነው። ባሌ ኪራን ይባላል። አንዲት ልጅ አለችን፣ ቲሊ፣ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። አራተኛው ሰው የባሌ አባት ዴስ ነው። አንቱ ልበለው ብል ራሱ ይስቅብኛል፣ እንደዚያ ዓይነት ሰው ነው።

ወይም ነበር። እንጃ።

ሜልበርን ተዘግታ የከረመችበትን ጊዜ የኖረ ያውቀዋል። ከቤት የሚወጣው ለአንድ ሰዓት ብቻ ነበር። እኛ የምንወጣው አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ያንኑ መንገድ ሄደን፣ ያንኑ መንገድ እንመለሳለን። ነጭ ውሻ ያላት ጎረቤታችን እኛን ስታይ የእጅ ሰዓቷን ታስተካክል ነበር። መጀመሪያ እንስቅበት ነበር። በኋላ መሳቁንም ተውነው።

ዴስም የራሱ ሰዓት ነበረው። ያው አስራ አንድ።

ሚስቱ ኖሪን የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነበረች። መግባት ክልክል ነው። ስለዚህ ዴስ ታጣፊ ወንበሩን ይዞ ይሄድና በመስኮቷ ፊት ለፊት፣ ሣሩ ላይ ዘርግቶ ይቀመጣል። እሱ ከውጭ፣ እሷ ከውስጥ። መሃላቸው መስታወት።

እሱ እጁን ያወዛውዝላታል። ኖሪን ማወዛወዝ አቅቷት ነበር። ስለዚህ መዳፏን መስታወቱ ላይ ትለጥፈዋለች።

ጥብቅ አድርጋ። የጣቶቿ ጫፍ ነጭ እስኪሆን ድረስ።

ሊሄድ ሲነሳ ሁልጊዜ የሚላት አንድ ነገር ነበር።

«ነገ በዚሁ ሰዓት።»

ድምፁ አይሰማትም። ከከንፈሩ ታነብበዋለች።

አንድ ቀን ሲሄድ መጋረጃው ተዘግቷል። ወንበሩን ዘርግቶ ተቀመጠ። ጠበቀ... ጠበቀ... ነርሷ ወጥታ በማስኳ ውስጥ እስክትነግረው ድረስ እዚያው ነበር።

ቀብሩን በስልክ ነው ያየነው። ኔትወርኩ ሁለት ጊዜ ተቋርጧል።

ዴስ አላለቀሰም። እኛም አላለቀስንም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያኔ ሁላችንም ደንዝዘን ነበር። ጥርሱን ሊነቀል መርፌ የተወጋ ሰው ጉንጩ የሌላ ሰው ጉንጭ እንደሚመስለው፣ እኛም ኑሯችን የሌላ ሰው መስሎን ነበር።

ከዚያ በኋላ ዴስ ምግብ ተወ። እምቢ አላለም። ሲሰጡት አመስግኖ ይቀበላል፤ ሳህኑ እንዳለ ይመለሳል። ሱሪውን ቀበቶ መያዝ አቃተው። ሐኪሙ ኪራንን ኮሪደር ላይ አቁሞ፣ አባትህ ምንም በሽታ የለበትም፣ እንዲህ ከቀጠለ ግን ገናን አያይም አለው።

ክልከላው ሲነሳ ኪራን «ወደ ሰሜን እንውሰደው» አለ። ሙቀት ያገኛል፣ ዓሣ ያጠምዳል፣ ምናልባት ይበላል... ካልሆነ ደግሞ...

አልጨረሰውም። እኔም ጨርስልኝ አላልኩትም።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ላለው ታሪክ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ።

እኛ ሰሜኖች፣ ወንዝ ዳር ያደግን፣ አንድ ሕግ አለን። አባቴ የጫማ ክር ማሰር ሳያስተምረኝ ነው ይሄን ያስተማረኝ። በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ ደጋግመሽ ወደ ውሃ አትውረጂ። ዛሬ ከዚህ ከቀዳሽ ነገ ከዚያ ቅጂ። ዛሬ ጠዋት ዓሣ ካጠብሽ ነገ ከሰዓት እጠቢ።

አዞ አይቸኩልም። መጀመሪያ ያይሻል። ከዚያ ያጠናሻል። ከዚያ አንቺ ሳትደርሺ እሱ ቀድሞሽ ይጠብቅሻል።

እዚያ አገር ውሃ ዳር ልማድ ያለው ሰው አያረጅም።

እኛ ደግሞ የመጣነው በልማድ ብቻ ከኖረ ከተማ ነው።

ያረፍንበት ካምፕ ከወንዙ ከፍ ብሎ፣ ቅርፊታቸው እንደ ወረቀት የሚላጥ ነጫጭ ዛፎች መሃል ነው። ባለቤቷ ሬይሊን ትባላለች፤ ነጠላ ጫማ ያጠለቀች፣ ሲጋራ ከአፏ የማይወርድ ሴት። ከመኪናው ስንወርድ አንድ በአንድ አየችንና ሳቀች።

«ከታች አገር ናችሁ አይደል? ጓዳ የበቀለ ድንች መስላችኋል።»

ኪራን ፈገግ ለማለት ሞከረ። እሷ በአገጯ ወደ ወንዙ አሳየችን። መሃል ላይ የአሸዋ ደሴት አለ። ደሴቱ ላይ አንድ ግዙፍ አዞ አፉን ከፍቶ ፀሐይ ይሞቃል። ስሙ አለቃ ነው አለችን። እሱን ስታዩት አትጨነቁ፣ የምትጨነቁት ያጣችሁት ቀን ነው አለች። ይሄ ለእንግዳ ሁሉ የሚነገር ቀልድ ነው፣ እኔም ልጅ ሆኜ ሰምቼዋለሁ።

ገና ዕቃ እያወረድን ዴስ የእጅ ሰዓቱን አየ።

ወንበሩን ከሻንጣዎቹ ሥር መዝዞ አወጣ። ያንኑ ታጣፊ ወንበር... ከሜልበርን ድረስ በመኪናው አስጭኖት መጥቷል። ለማንም ምንም ሳይል ቁልቁል ወደ ወንዙ ወረደ።

ሮጬ ደረስኩበት። ውሃው አፋፍ ላይ ወንበሩን ሊዘረጋ ነበር። ክንዱን ያዝኩትና ስለ አዞ፣ ስለ ሕጉ፣ ስለ ሁሉም አስረዳሁት። በትህትና አዳመጠኝ።

«ታዲያ የት ልቀመጥ?» አለኝ።

ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ደስ አለኝ፤ ወይም ድሮ ደስታ ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ የሆነ ነገር ነካ አደረገኝ።

ገደሉ ላይ፣ ከውሃው በጣም ከፍ ብሎ፣ ከፊቱ ትልቅ ግንድ የወደቀበት ቦታ መረጥኩለት። አዞ ቢያብድ እዚያ አይወጣም። ወንበሩን ራሴ ዘረጋሁለት።

ቦታውን አስተካከልኩ። ሰዓቱን ግን አላሰብኩትም።

ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ እጁን አነሳና ወደ ማዶ አወዛወዘ።

«ለማን ነው?» አልኩት።

«ለማንም። ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

ሲነሳ ግን ወደ ውሃው ዞሮ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ነገ በዚሁ ሰዓት።»

በማግስቱ ቲሊ አብራው ወረደች። ኪራን እሳት ያነዳል፣ እኔ ሰላጣ እከትፋለሁ። ሲመለሱ ዴስ ወንበሩን በትከሻው ተሸክሞ እያንጎራጎረ ነበር። ተቀመጠና አንድ ባራመንዲ ዓሣ ብቻውን ጨረሰ። አጥንቱን ለቃቅሞ፣ ሎሚ የለም ወይ ብሎ ጠየቀ።

ኪራንና እኔ ተያየን። ኪራን ተነስቶ ወደ መኪናው ሄደ። ጀርባውን ሰጥቶን ሲቆም ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ቲሊን ፀጉሯን ሳበጥርላት በሹክሹክታ ጠራችኝ።

«እማ...»

«ወዬ።»

«ማዶ ያለችው ሴትዮ ወንበሯን ከየት አመጣችው?»

ማበጠሪያው እጄ ላይ ቆመ። ማዶ ጭቃና እርስ በርሱ የተቆላለፈ ቁጥቋጦ ነው። መንገድ የለውም። ቤት የለም። ጀልባ እንኳ የሚጠጋበት የለም።

«ማዶ ሰው የለም፣ የኔ ቆንጆ።»

«አለች። አባባ ዴስ እጁን ሲያነሳ እሷም ታነሳለች። ግን አታወዛውዝም።»

«ምን ታደርጋለች ታዲያ?»

ቲሊ መዳፏን አነሳች። ከፊቷ አየሩ ላይ ዘርግታ ያዘችው። ጣቶቿን ወጥራ...

አላነቃነቀችውም።

ልጄ ያን መስኮት አይታው አታውቅም። ሕፃናት ወደ ግቢው አይገቡም ነበር።

በሚቀጥለው ቀን ሬይሊን ለወፍ ተመልካቾች የምታውሰውን የሩቅ ማያ መነጽር ተውሼ ከዴስ ጋር ወረድኩ። ቲሊን አንተ ጋ ትቆይ ብዬ ለአባቷ ሰጠኋት።

ሰዓቱ እስኪደርስ ወፎቹ ሲንጫጩ ነበር። ድንገት ዝም አሉ። አሸዋውን አየሁ። ባዶ ነው። አለቃ የለም።

ዴስ እጁን አነሳ።

መነጽሩን ወደ ማዶ አዞርኩ። ቁጥቋጦ... ጭቃ... ቁጥቋጦ...

ወንበር።

ወንበሩ ላይ አንዲት ሴት። ነጭ ፀጉር። በዚያ ሙቀት ሐምራዊ የሱፍ ሹራብ ለብሳለች። ሹራቡ እስከ ደረቷ ድረስ ርሷል፣ ከዚያ በላይ ደረቅ ነው። ፊቷን ለማየት መነጽሩን ባስተካከልኩ ቁጥር ቅጠሉ ይጠራል፣ ጭቃው ይጠራል፣ የሹራቡ ቁልፍ ሳይቀር ይጠራል።

ፊቷ ብቻ አይጠራም።

መዳፏን አንስታለች። የጣቶቿ ጫፍ ተጠፍጥፎ፣ ደም ሸሽቶት ነጭ ሆኗል። የሆነ ነገር ላይ አጥብቃ እንደለጠፈችው።

ከፊቷ ግን ምንም የለም።

መነጽሩን አወረድኩ። መጮህ ነበረብኝ። አልጮህኩም። ልቤ እንኳ በቅጡ አልደነገጠም፤ በሩቅ፣ በሌላ ክፍል ውስጥ የሚደነግጥ ሰው ድምፅ ያህል ነው የተሰማኝ። ቁጭ ብዬ ዴስ እስኪነሳ ጠበቅሁት።

«ነገ በዚሁ ሰዓት» አላት።

ለኪራን ያየሁትን ነገርኩት። ዓሣ እየላጠ ነበር። ቢላውን አላቆመም።

«ና ራስህ እይ» አልኩት።

«አላይም።»

«ኪራን...»

«አባቴ ትላንት በላ። ዛሬም በላ። ጠዋት ሲላጭ ሲያፏጭ ሰማሁት።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማዶ ያለው ማንም ይሁን ማን፣ እኔ አላይም ኮራሊ።»

አልፈረድኩበትም። ሴትየዋን ብንወስድበት አባቱ ይሞታል። ብንተውለት ግን ምን እንደሚሆን የሚያውቅ የለም።

ጠዋት ሬይሊን ወደ ድንኳናችን መጣች። እየሳቀች አልነበረም። አለቃን ሰሞኑን አይታችሁታል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ማታም፣ ትላንትም የለም አልኳት። ያን አሸዋ ለጎርፍ እንኳ ለቆ አያውቅም አለች። ከዚያ ወደ ዴስ አየች። ዴስ ከቲሊ ጋር ካርታ እየተጫወተ፣ እያጭበረበራት፣ እየሳቀ ነበር።

«ሽማግሌው ገደሉ ላይ የሚቀመጠው በስንት ሰዓት ነው?»

«አስራ አንድ።»

«ትላንትስ?»

«አስራ አንድ።»

«ከትላንት ወዲያስ?»

ሬይሊን ሲጋራዋን ከአፏ አወጣችው።

«አንቺ የዚሁ አገር ልጅ ነኝ አላልሽኝም?»

ገደሉ ከፍ ያለ ነው፣ አዞ አይወጣበትም ልላት ነበር። ሳልጀምረው በእጇ አስቆመችኝ። ስለ አዞ አላወራሁም አለች። ውሃ ውስጥ ያለው አዞ ብቻ መሆኑን ማን ነገረሽ አለችኝ። ከዚያ ከፈለጋችሁ አሁን፣ ካልሆነም ነገ በማለዳ ልቀቁ፣ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ግን እዚህ አትገኙ ብላ ሄደች። መነጽሩን ልመልስላት ብል አልተቀበለችኝም።

ኪራን ነገ ጠዋት እንወጣለን አለ። ወደ ደቡብ እንነዳለን፤ አስራ አንድ ሰዓት ገደማ ነዳጅ ማደያው ጋ ደርሰን ቀዝቃዛ ነገር እንጠጣለን፣ ከዚያ የቀረውን መንገድ እንጨርሳለን። ይሄን ሲያወራ ዴስ አጠገባችን ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ማጫወቻ ካርታውን ሰበሰበ። ምሳውን አልበላም።

ያን ቀን ከሰዓት እኔና ዴስ ብቻ ወረድን። በመጨረሻ መናገር ነበረብኝ።

«ዴስ... ኖሪን አይደለችም።»

«አውቃለሁ» አለኝ።

እንዲህ ይላል ብዬ አልጠበቅሁም።

«ሃምሳ ዓመት አብሬያት የኖርኩ ሰው ነኝ ልጄ። ኖሪን ግራኝ ነበረች። ይቺ ቀኝ እጇን ነው የምታነሳው።» ጉልበቱን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። «ግን ትመጣለች። ያኛዋ ላይ መጋረጃ ዘጉባት። ይቺ በሰዓቷ ትመጣለች።»

እጁን ያዝኩት፤ እሱም ያዘኝ። ሁለታችንም እጅ መያያዝ እንዴት እንደሆነ ረስተነው ነበር መሰለኝ፣ ጣቶቻችን ቦታቸውን ለማግኘት ትንሽ ጊዜ ፈጀባቸው።

ስለ ቲሊ ነገርኩት። ልጅቷም ታያታለች፣ እጇን እንደዚያች ሴትዮ ማንሳት ጀምራለች አልኩት። ዞሮ ወደ ካምፑ አየ።

«እሺ» አለ። «ለቲሊ ስትይ እንሂድ። ግን ልሰናበታት። የመጀመሪያዋን አልተሰናበትኳትም።»

ይሄን እንዴት ልከለክለው?

ወፎቹ ዝም አሉ።

ያን ቀን ከባሕሩ በኩል ውሃ እየገፋ ገብቶ ወንዙ ወደ ኋላ ይፈስ ነበር፤ የሰሜን ወንዝ እንደዚያ ነው። አሸዋው ተውጧል። ከላዩ የሰው ቁመት ያህል ቡናማ ውሃ አለ።

እሷ ማዶ አልነበረችም።

መሃል ላይ ናት። አሸዋው የነበረበት ቦታ፣ ውሃው ላይ፣ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። የወንበሩ እግር አይታይም። ውሃው በአጠገቧ ሲያልፍ አይከፈልም፣ አይጨማደድም። ዝም ብሎ ያልፋል...

አሁን መነጽር አላስፈለገኝም።

ዴስ ተነስቶ ገደሉ ጫፍ ላይ ቆመ። እኔ ለመሰናበቻቸው ብዬ ትንሽ ወደ ኋላ ራቅሁ። ቀስ ብሎ፣ ብዙ አወራት። ቃሉ አይሰማኝም። አንድ ጊዜ እጁን ወደ መንገዱ ዘረጋ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ አመለከተ። አገር ቤት እንገባለን እያላት ነው ብዬ አሰብኩ።

እሱ ዝም ካለ በኋላ የእሷ አፍ መንቀሳቀስ ጀመረ። የተናገረውን እየደገመችው ነበር፤ ከእሱ ኋላ ዘግይታ፣ እየቆራረጠች፣ አዲስ ቋንቋ እንደሚለማመድ ሰው።

ከዚያ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

ዴስ ወንበሩን አጠፈ። «ነገ በዚሁ ሰዓት» አላለም። ይሄን ልብ ብዬ ሰማሁ። እፎይ አልኩ።

በማለዳ ወጣን። ሬይሊን በሩን ከፍታልን እጇን ሳታነሳ አሳለፈችን።

መንገዱ ረጅም ነው። ኩይሳ፣ የተቃጠለ ሣር፣ ደግሞ ኩይሳ። አንድ ጎማ ፈነዳብንና ቀየርን። ከወንዙ በራቅን ቁጥር ደረቴ ቀለል እያለኝ መጣ። ዴስ ከኋላ፣ ከቲሊ ጎን ተቀምጧል። መሃላቸው ያለው ወንበር ባዶ ነው። ዝም ብሏል፣ ግን አላዘነም። ብስኩት ስሰጠው በላ። ሌላ ጠየቀ። ኪራን በመስታወቱ አየውና ፈገግ አለልኝ። ከስንት ጊዜ ወዲህ እንዲያ ብሎ አይቶኝ አያውቅም ነበር።

ሰውዬው ዳነልን ብዬ አሰብኩ።

ማደያው ሜዳ ላይ ያለች አንዲት ቤት ናት። አካባቢው ድርቅ ያለ ነው፣ በአይን የሚታይ ውሃ የለም። ነዳጅ ቀዳን፣ ኪራን መኪናውን ፀሐይ ላይ አቁሞ ቆለፈው፣ ጥላው ሥር ሆነን የሥጋ ፓይ በላን። ባለ ማደያው ልዘጋ ነው እያለ ወንበሮቹን ይሰበስባል።

ወፎቹ ዝም ሲሉ ነው ሰዓቱን ያየሁት።

ዴስ ተነስቷል። ታጣፊ ወንበሩን ቀድሞ ከመኪናው አውርዶት ኖሯል። ዘረጋው። ወደ መንገዱ አላዞረውም። ወደ ሜዳው አላዞረውም።

ወደ መኪናችን አዙሮ ተቀመጠ። የኋላው መስኮት ፊት ለፊት።

«ዴስ» አልኩት በሹክሹክታ። «ምን እያደረግህ ነው?»

«ነግሬያታለሁ።»

«ምን ብለህ?»

«የት እንደምንቆም።» ወደ እኔ አልዞረም። «እዚያ ወንዝ ላይ ብቻዋን ስትጠብቅ እንዳትውል። መጠበቅ ክፉ ነው ልጄ።»

መኪናው ተቆልፏል። ቁልፉ ኪራን እጅ ላይ ነው። በዚያ ፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ እርጥብ ፎጣ ቢቀመጥ ወዲያው ይደርቃል።

የኋላው መስኮት በጉም ተሸፍኗል።

ከውስጥ በኩል።

ዴስ እጁን አነሳና አወዛወዘ።

ጉሙ መሃል ላይ አንድ መዳፍ ቀስ ብሎ ተለጠፈ። ጥብቅ ብሎ። የጣቶቹ ጫፍ ነጭ እስኪሆን ድረስ...

ግራ እጅ ነበር።

ዴስ አየው። ከዚያ አለቀሰ፤ በቀብሩ ያላለቀሰውን፣ ከዚያም በኋላ ያላለቀሰውን ሁሉ፣ አፉን ሳይሸፍን እንደ ልጅ አለቀሰ። ቲሊ አጠገቡ ሄዳ ቆመች። እሷም መዳፏን አንስታለች።

ኪራን አላይም ያለውን አየ። ለረጅም ጊዜ አየ። ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም።

ባለ ማደያው በሩን ዘግቶ፣ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። አቧራው እስኪረጋ ቆመን አየነው። ከዚያ ወዲያ ማንም አልመጣም።

ኪራን መኪናችንን ከፈተ። አራቱንም በሮች። ውስጡ ማንም የለም። የወንዝ ጭቃ ይሸታል። የመሃለኛው ወንበር ጨርቅ ርሶ ጠቁሯል፣ ሥሩ ምንጣፉ ላይ ውሃ አቁሯል።

ቀበቶው ታስሯል።

ኪራን ልፍታው ብሎ እጁን ሰደደ። መልሶ ሰበሰበው።

«ቲሊ ፊት ትቀመጥ» አለ። «አንቺ ጋ፣ ጭንሽ ላይ።»

ገባን። ሌላ መኪና አልነበረም፣ መንገዱም ያው አንድ ነው። ዴስ ከኋላ በቦታው ተቀመጠ፣ በሩን በቀስታ ዘጋ፣ ቀበቶውን አሰረ።

ብዙ ከነዳን በኋላ ኪራን በመስታወቱ ወደ ኋላ አየና ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። እኔ ዞሬ አየሁ።

ዴስ እንቅልፍ ወስዶታል። በሰላም ይተነፍሳል። ጭንቅላቱ ወደ መሃለኛው ወንበር አዘንብሏል። አልወደቀም። መኪናው ጉድጓድ ላይ ሲዘል እንኳ ንቅንቅ አላለም።

ባዶው ላይ፣ ልክ የሰው ትከሻ የሚሆንበት ከፍታ ላይ፣ ጉንጩን አስደግፎ ተኝቷል።

ጉንጩ ርጥብ ነበር።